ኩኒዮ የተናገራት አንዲት ቃል

ሠርጓ ሊደርስ ሃያ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የወንድሜ ልጅ ናትሱኤ ከወይኑ ዳስ ሥር ቀና ብላ ዘለላ እየቆረጠች፣ «አክስቴ፣ ከሠርጉ በፊት ዮይቺ ደርሼ መምጣት እፈልጋለሁ» አለችኝ። በእጄ የነበረው መቀስ አመለጠኝ። የዮይቺ ስም በቤታችን ከተነሣ ስድስት ዓመት አልፎታል። ስሙን ስሰማ ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።

ፉሳ እባላለሁ። የአባቷ የቶኩጂሮ ታናሽ እህት ነኝ። በወጣትነቴ አግብቼ፣ ከአማቴ ጋር እሳትና ጭድ ሆነን፣ ዓመት ሳይሞላኝ ካትሱኑማ ወደ ተወለድኩበት ቤት ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ እንዳይመታው ለእያንዳንዱ የወይን ዘለላ የወረቀት ቆብ ሳለብስ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። የራሴን ልጅ አላለበስኩም፤ ወይን ግን ቁጥሩ እስኪጠፋኝ አልብሻለሁ። ሰዎች አፍሽ ክፉ ነው ይሉኛል። ክፉ አይደለም፣ ፈጣን ነው። ያ ፈጣን አፍ አንድ ቀን ያደረሰውን ጥፋት ነው ዛሬ የማወራችሁ።

ናትሱኤ ወንድም ነበራት፤ ኩኒዮ ይባላል። ቤቱን የሚወርሰው እሱ ነበር። የቤታችን ወይን ኮሹ ነው፤ ቆዳው ወፍራም፣ መልኩ ቀላ ያለ፣ የአገራችንን ዝናብና ወበቅ ችሎ የሚበስል ታጋሽ ወይን። የኩኒዮ ልብ ግን ሌላ ወይን ላይ አረፈ፤ ፒኖ ኑዋር የሚሉት፣ ቆዳው የሳሳ ጥቁር የፈረንጅ ወይን። አባቱን ለምኖ ከጓሮ ተከለው። አድጎ ሦስት ጊዜ አፈራ፤ ሦስቱንም ጊዜ ለለቀማ አንድ ሳምንት ሲቀረው የመስከረም ዝናብ መጣና ፍሬው ዘለላው ላይ ሻገተ። ወንድሜ ቶኩጂሮ ነገርኩህ አላለውም። የሻገተውን ዘለላ አምጥቶ ከልጁ ገበታ አጠገብ አስቀመጠለትና ሩዙን መብላት ጀመረ።

ያን ጊዜ ሹጂ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ከሰሜን፣ ከሆካይዶ፣ ዮይቺ ከምትባል የባሕር ዳር ቀበሌ የመጣ የፖም ገበሬ የበኩር ልጅ ነው። ቤተሰቡ ፖሙን ነቅሎ ወይን ሊተክል ስላሰበ ሙያውን እንዲማር ለሁለት ዓመት ወደ እኛ ላኩት። እሱና ኩኒዮ ካርታ ዘርግተው የትኛው ወይን ለየትኛው አገር እንደሚስማማ ሲከራከሩ ላያቸው፣ ጋብቻ የሚያስማሙ ሽማግሌዎች ይመስሉ ነበር። ሜርሎ የሚሉትን ቀይ ወይን ለሺዮጂሪ ደጋ ይድሩታል፤ ኮሹን ካትሱኑማ ላይ ያጸኑታል። ስለ ጥቁሩ ወይን ሲነሣ ሹጂ የራሱን አገር ያሞግሳል። ዮይቺ የሐምሌ ዝናብ አያውቃትም፤ መኸሯ ደረቅና ረጅም ነው፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ቆዳው የሳሳ ወይን የሚፈልገው ይህንኑ ነው ይላል።

አንድ ቀን ናትሱኤ ሾርባ እያቀረበች፣ «ታዲያ ኮሹንስ እዚያ ብንወስደው?» ብላ ጠየቀች።

ሹጂ ሳህኑን ተቀብሎ ቀና ብሎ አያት። «ኮሹ እኛ ጋ ቢመጣ ሳይበስል በረዶ ይቀድመዋል» አለ። ድምፁ ግን ስለ ወይን የሚያወራ ሰው ድምፅ አልነበረም። እሷም እስከ ጆሮዋ ቀላች። እኔ ሁሉን አይቼ ዝም አልኩ፤ በሕይወቴ ዝም ያልኩባቸው ቀኖች በጣት ይቆጠራሉ፣ አንዱ እሱ ነው።

ሹጂ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ኩኒዮ ተከተለው። «ወይኑ አልበደለም አባዬ፣ ቦታው ነው የጠፋበት» እያለ አባቱን ሲያደክመው ከርሞ፣ ለሦስት ዓመት ብቻ ተፈቀደለት።

እዚያ በገባ በመጀመሪያው የካቲት ሹጂ አንድ ሣጥን ፖም ይዞ እኛ ዘንድ መጣ። ከወንድሜ ፊት ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ፣ ናትሱኤን ስጡኝ አለ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ እጄን ጨብጣ ይዛለች። ቶኩጂሮ ሊመልስለት ጉሮሮውን ሲጠርግ ስልኩ ጮኸ። የሹጂ እናት ነበሩ። ኩኒዮ ሞቷል አሉ።

ሌሊቱን የጣለው በረዶ ከባድ ነበር። ኩኒዮ ከማለዳ ጀምሮ ብቻውን ከወይኑ ላይ በረዶ ሲዝቅ ውሎ፣ ቤት ገብቶ ጋደም እንዳለ ልቡ ቆመ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወንድሜ ስልኩን ዘጋና ሹጂን ለረጅም ጊዜ አየው። «ወንዱን ልጄን በረዶ ውስጥ ትተህ ሴቷን ልትወስድ መጣህ» አለው። ሹጂ ተነሥቶ ወጣ። ፖሙ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ በሰበሰ፤ የሚነካው ሰው አልነበረም።

የሙታን አርባ ዘጠኝ ቀን ባለቀ ማግስት የሹጂ ደብዳቤ መጣ። ለወንድሜ ሰጠሁት፤ አንቺ አንብቢው ብሎ መለሰልኝ። ያነበብኩለት እኔ ነኝ። «እናቴ እስከ መጨረሻው አጠገቡ ነበረች» ይላል። «ኮዋይ አለ፣ ከዚያም ጋደም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሌላ ምንም አልተናገረም። ይህን የምጽፍላችሁ ጥቂት ብታጽናናችሁ ብዬ ነው።»

ኮዋይ ማለት ፈራሁ ማለት ነው። በእኛ አገር ሕፃን በጨለማ ውስጥ እናቱን ሲጣራ የሚላት ቃል ናት። እኔም ያችን ቃል እንደዚያ ሕፃን አድርጌ አነበብኳት፤ ድምፄ ተንቀጥቅጦ፣ ልቤ ተሸብሮ። እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለች።

«ፈርቶ ሞተ ብሎ ነው የሚያጽናናን?» አለ ቶኩጂሮ። አላለቀሰም። የቀብሩ ዕለትም አላለቀሰም፣ ከዚያም ወዲህ አላለቀሰም።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ነገር ሌላ ሆነ። ወንድሜ የመተላለፊያው መብራት እንዳይጠፋ አዘዘ። ልጁ በእግሩ ጣት ሲሄድ፣ በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ እሰማለሁ ይላል። በነሐሴ ሙታን ወደየቤታቸው በሚመለሱባቸው ቀኖች ጎረቤቱ እየበላና እየጠጣ የራሱን ሲቀበል፣ እሱ ከቤታችን የሙታን መሠዊያ ፊት ተቀምጦ «አይዞህ ኩኒዮ፣ አይዞህ፣ እዚሁ ነን» ሲል ይውላል። በዋዛ የማልደነግጠው እኔ እንኳ በዚያ መተላለፊያ ሳልፍ ጀርባዬ ይቀዘቅዛል። ናትሱኤ አንድ ቀን ከአባቷ አጠገብ ተንበርክካ፣ «ኩኒዮ መፍራቱን እስኪተው ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላ ቃል ገባች። ከቤት የማትወጣ ሴት ልጅ ደግሞ የምታገባው የቤቱን ስም ተቀብሎ የሚገባ ወንድ ነው። የበኩር ልጅ የአባቱን መሬት ጥሎ እንዲህ ያለ ጋብቻ አይገባም። ስለዚህ እሷ ወደ እሱ እንዳትሄድ፣ እሱም ወደ እሷ እንዳይገባ፣ የሹጂ በር በዚያች ቃል ሁለት ጊዜ ተዘጋ።

ቢሆንም በየዓመቱ፣ ለቀማ ሲያልቅ፣ ከሹጂ አንዲት ፖስት ካርድ ትመጣለች። ፍቅር የምትል ቃል አልነበረባትም፤ እንዴት ነሽ እንኳ የለባትም። «ዘንድሮ ጥቁሩ በጥቅምት አሥራ አንድ በሰለ። ሻጋታ የለም። ነፋሱ ከባሕር ነው።» በቃ ይኸው ነው። ሰው ፍቅሩን በአበባ ይገልጻል፣ በዘፈን ይገልጻል፤ የእኛ ሰው በአየር ጠባይ ገለጸ። ናትሱኤ ካርዷን ከልብስ ማስቀመጫዋ ታኖራታለች። አንድ ጊዜ ሳያት የነፋሱን መስመር በጣቷ እየዳሰሰች ነበር፤ አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

አሁን ሊያገባት የነበረው ሂሮሚቺ የጎረቤታችን ሁለተኛ ልጅ ነው። ክፉ አይወጣውም። ሲስቅም ሲያዝንም ፊቱ አንድ ዓይነት ነው እንጂ። እሷ ግን ከሠርጉ በፊት ዮይቺን ማየት አለብኝ አለች። እንዲፈቅድላት ወንድሜን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። አንቺ አብረሻት ከሄድሽ ትሂድ አለኝ። ከዚያ ለእሷ እንዲህ አላት፦ «ኩኒዮ መጨረሻ ከሠራበት ማሳ አንድ እፍኝ አፈር አምጪልኝ። ብቻውን እዚያ እየፈራ አይቆይ።»

በባቡር፣ በመርከብ፣ ደግሞ በባቡር ተጉዘን በጥቅምት መጀመሪያ ዮይቺ ገባን። መምጣታችንን አስቀድሜ ጽፌለት ስለነበር ሹጂ ጣቢያው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ፀጉሩ ሸብቷል። እጅ ነሳን፤ ናትሱኤም እጅ ነሳች፤ ሁለቱም ቀና ለማለት ከሚገባው በላይ ዘገዩ። ሻንጣዋን ሲቀበላት እጃቸው እንዳይነካካ የተጠነቀቁትን ጥንቃቄ ባየሁ ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች ምንም አልረሱም አልኩ በልቤ።

ማሳው ባሕሩን የሚያይ ተዳፋት ላይ ነው። እንደ እኛ ዳስ የለውም። ግንዱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን አዘምሟል፤ ጠቅላላው ማሳ ነፋስ የገፋው ይመስላል። ሹጂ ምክንያቱን ነገረን። በረዶ ሊገባ ሲል ሐረጉን ከሽቦው ይፈቱታል፤ ግንዱ ዘመም ብሎ ስለተተከለ ሳይሰበር መሬት ላይ ይተኛል፤ በረዶው ከላይ ያለብሰዋል። ናትሱኤ አንዲት ጥቁር ፍሬ ቆርጣ አፏ ውስጥ አደረገች። ትንሽ ናት፣ ጥብቅ ናት፣ ቆዳዋ ላይ እንከን የለም። ዓይኗ በእንባ ሞላ። «ኩኒዮ ልክ ነበር» አለች። ወንድሟ ከጓሯችን ሦስት ጊዜ ሻግቶ ያየው ወይን እዚህ በየመስመሩ በጤና ተንጠልጥሏል።

ሹጂ ከመጨረሻው መስመር ስንደርስ ቆመ። «የኩኒዮ መስመር ይቺ ናት» አለ። «ያን ቀን የገለጣቸው ግንዶች በሙሉ በዚያው ሳምንት ሞቱ። እነዚህ በኋላ የተከልኳቸው ናቸው።»

«ለምን ሞቱ?» አልኩ። «ከበረዶ አወጣቸው እኮ።»

«በረዶው አይደለም የሚገድላቸው፣ እትዬ ፉሳ። በረዶው ብርድ ልብሳቸው ነው። ሥሩ ሆነው ክፉውን ወር ያልፋሉ። ከላይ ያለው ብርድ ነው የሚሰነጥቃቸው።»

ያኔ ነው የገባኝ። በካትሱኑማ በረዶ አልፎ አልፎ ቢጥል ዳሱ ከክብደቱ የተነሣ ይሰበራል። በረዶ ጣለ ሲባል ሽማግሌ ሕፃን ሳይል መጥረጊያውን ይዞ ይወጣል፤ በረዶ ማራገፍ ከእናታችን ጡት ጋር የተማርነው ነው። ኩኒዮ ያን ሌሊት የጣለውን አይቶ እጁ የሚያውቀውን ሠራ። ሹጂ ሐረግ አፈታቱን፣ አስተኛኘቱን፣ ሁሉንም አስተምሮት ነበር፤ በረዶውን አትግፈፍ የሚለውን ግን አልነገረውም። «የተኛ ልጅ ብርድ ልብስ አትግፈፍ ተብሎ ለሰው ይነገራል?» አለኝ። «መናገር ነበረብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስነግረው አድራለሁ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ሆን ብዬ ወደፊት ቀደምኩ። ጆሮዬን ግን ከኋላ ተውኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ናትሱኤ። «ያችን ደብዳቤ ለምን እንደዚያ አድርገህ ጻፍካት?»

«የቷን?»

«የመጨረሻ ቃሉን የጻፍክባትን። ሳትነግረን መቅረት ትችል ነበር።»

«እንድታውቁት ፈለግኩ። እንድትጽናኑበት።»

«እንድንጽናናበት?» አለች። «አባቴ ስድስት ዓመት አልተኛም፣ ሹጂ። እኔ ስድስት ዓመት ከአንተ ተቆርጬ የቀረሁት በዚያች ቃል ነው። ልታጽናናን አስበህ ከሆነ እንዴት ያለ ልብ ነው ያለህ?»

 ሹጂ የምትለው እንዳልገባው ያስታውቃል፤ ግን በደለኛ ነኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ክሱ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ በመጨረሻ። «ኅዳር ላይ እንደምታገቢ ሰምቻለሁ። ኮሹ እዚህ እንደማይበስል ድሮም አውቄዋለሁ።»

«እኔ ወይን አይደለሁም፤ ሰው ነኝ። በተከሉኝ ቦታ ብቻ የምበቅል አይደለሁም። ቃል ግን ገብቻለሁ» አለችና ትታው መጣች። በአጠገቤ ስታልፍ ፊቷን አየሁት። ሰው በሕይወት እያለ እንደዚያ መምሰል የለበትም።

በማግስቱ ጠዋት አመስግነን ለመውጣት ተነሣን። አፈሩ በመሐረብ ታስሮ ሻንጣው ውስጥ ነው፤ የሚቀረን ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ባቡር መጠበቅ ብቻ ነበር። የሹጂ እናት እማማ ቶሜ ግን ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን ሲለቅሙ እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ናትሱኤና እኔ መቀስ ይዘን ገባን። ሹጂ ከታች በኩል ሣጥን ይጭናል፤ ቀና ብሎ አያይም።

አንዱን መስመር ከጨረስን በኋላ እማማ ቶሜ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና «ኧረ፣ ዛሬስ ኮዋይ፤ ኮዋይ ነው» አሉ።

ድብ መጣ ብዬ መቀሴን አነሣሁ። ሆካይዶ ድብ አለ ብለው ጎረቤቶቼ ሲያስፈራሩኝ ነው የመጣሁት። ግራ ቀኙን አየሁ፤ ምንም የለም። ሴትዮዋ እኔን አይተው ከልባቸው ሳቁ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ማንን ልትቆርጪ ነው?»

«ፈራሁ አላሉም እንዴ?»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ምን ሊያስፈራኝ! ደከመኝ ነው ያልኩት። ወገቤ ተቆረጠ። እናንተ አገር ሲደክማችሁ ምንድነው የምትሉት?»

ናትሱኤ በሁለቱ መስመሮች መካከል እንደቆመች ቀረች። የቆረጠችው ዘለላ ቅርጫቷ ውስጥ አልገባም፤ መሬት ላይ ወደቀ። እኔ ለመናገር ብሞክር አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ያ ፈጣን የተባለው አፍ።

«እማማ» አልኩ ቆይቼ። «ያን ቀን ኩኒዮ ምን አለ? እንዳለ ይንገሩኝ።»

እማማ ቶሜ ሣጥን ገለበጡና ተቀመጡበት። እንዳለ ነገሩን። ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቶ ገባ፤ እስከ ወገቡ በረዶ ነው። ጫማውን አውልቀው እግሩን በምድጃው አጠገብ አሞቁት። ዓሣ የገባበት ሾርባ ሰጡት፤ ሁለት ሳህን ጠጣ። ያንን ሁሉ ብቻውን ስለሠራ ደስ ብሎት ነበር፤ ሁሉንም ነፃ አወጣኋቸው አለ። ኩኒዮ አነጋገራቸውን ይወድ ነበር፤ እንደ እሳቸው እያወራ ያስቃቸዋል። ያን ቀንም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እሳቸውን መስሎ፣ «ኧረ እማማ ቶሜ፣ ኮዋይ» አለና ሳቀ። ከዚያ ጋደም አለ።

«ወይኖቹ እንደሚሞቱ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር» አሉ። «ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ደስ ብሎት የደከመ ሰው አይቼ አላውቅም። ሲነሣ እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት። አልተነሣም።»

ናትሱኤ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተንበረከክኩ። ያነበብኳት እኔ ነኝ አልኳቸው። ደብዳቤው ላይ ቃሏ ብቻ ነበረች፤ ፍርሃቱን የጨመርኩት በድምፄ እኔ ነኝ አልኩ። እማማ ቶሜ አልገባቸውም፤ ናትሱኤ ግን ገባት፤ እጄን ያዘችኝ። ልትቆጣኝ ይገባ ነበር። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ሹጂ መቀመጣችንን አይቶ እየሮጠ መጣ። ሰው የታመመ መስሎታል። ናትሱኤ ቀና ብላ አየችው፤ በዚያ አስተያየት ስድስት ዓመት ተደፍኖ የነበረ ነገር ሁሉ ወጣ።

«ሹጂ» አለችው፤ «እኛ አገር ኮዋይ ማለት ፈራሁ ማለት ነው።»

መጀመሪያ አልገባውም፤ ቃሏን እኛ ዘንድ ሳለ ሰምቷታል፣ ደብዳቤውን ሲጽፍ ግን በእናቱ አንደበት ነበር ያሰባት። ፈገግ ሊል ሁሉ ቃጣው። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ያች ደብዳቤ በእኛ ቤት እንዴት እንደተነበበች እያንዳንዷን መስመር በልቡ ሲያነብ አየሁት። እፊቷ ተንበረከከ።

«ፈርቶ ነው የሞተው ብላችሁ ነው?» አለ። «ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ። አባቴ በየቀኑ አይዞህ ይለዋል።»

«እኔ እኮ ደክሞት ተኛ ማለቴ ነበር» አለ ሹጂ። «አባትሽ እንዲተኛ ብዬ። መልስ ሳጣ ይቅር አልተባልኩም ብዬ ዝም አልኩ። አንዴ ብጠይቅሽ ኖሮ፣ ናትሱኤ። በዓመት አንዴ ስለ ነፋስ ከምጽፍልሽ አንዲት ጥያቄ ብጽፍልሽ ኖሮ።»

«እኔም አልጠየቅኩህም» አለችው። «መልሱን ፈርቼ። ከሁላችንም የፈራሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም።» እሱ ፊቷ ተንበርክኮ፣ እሷ አፈር ላይ ተቀምጣ፣ ሳይነካኩ ተላቀሱ። እማማ ቶሜ መሐረባቸውን አውጥተው ለማን እንደሚሰጡ ግራ ገብቷቸው በእጃቸው ይዘውት ቀሩ።

ከባቡሩ በፊት ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትን እኔው ማቅናት ነበረብኝ። ቶኩጂሮ በሁለተኛው ጥሪ አነሣው።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ተቀምጠህ ስማኝ። እዚህ አገር ኮዋይ ማለት ደከመኝ ማለት ነው። ኩኒዮ የእነሱን አነጋገር ተምሮ ነበር። አልፈራም። እየሳቀ ደከመኝ ብሎ ነው የተኛው። እኔ ነኝ አሳስቼ ያነበብኩልህ።»

 መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ናትሱኤ ጆሮዋን ከእኔ ጆሮ ጋር አጋጥማ ትሰማለች።

«በልቶ ነበር?» አለ ወንድሜ በመጨረሻ።

«ሁለት ሳህን ሾርባ።»

«ትኩስ ነበር?»

«ትኩስ ነበር። ዓሣ ነበረበት።»

ከዚያ ወንድሜ ሲያለቅስ ሰማሁት። የሰባ ዓመት ሰው እንደዚያ ያለቅሳል ብዬ አላስብም ነበር። ቆምኩና ሰማሁት። አይዞህ አላልኩትም፤ እንዲወጣለት ተውኩት። ሲበርድለት «ያን ልጅ ስጪኝ» አለ። ስልኩን ለሹጂ ሰጠሁት። ወንድሜ በስልክ ሲያወራ ስለሚጮህ ሁላችንም ሰማነው። ያን ዕለት መልስ ሳልሰጥህ ስልኩ ቀደመኝ አለው፤ እሺ ልልህ ነበር አለው። ቤቱንና ኮሹን አታስቡ፣ እኔና ፉሳ አለን፣ ከእኛ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ ወይኑ ራሱ ያውቃል አለ። ሹጂ የማይታየውን ሰው ግድግዳው ላይ እጅ ይነሳል። 

ናትሱኤ ስልኩን ተቀበለችው። «አባዬ፣ ቃል ገብቼልህ ነበር» ስትል ድምፅዋ የሕፃን ሆነ።

«ቃልሽን ጠብቀሻል» አላት። «አንቺም እኮ ደክሞሻል፣ ልጄ። እዚያው ቆዪ።»

ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ግንባሯን የሹጂ ደረት ላይ አሳረፈች። በእናቱና በአክስቷ ፊት። እኛ አገር እንዲህ አይደረግም፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አላዞርኩትም። ለሂሮሚቺ ቤተሰብ ሄጄ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ እንደሆንኩ ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ ቅር አላለኝም።

አፈሩን ይዤ ወደ ካትሱኑማ ብቻዬን ተመለስኩ። በመርከቡ ላይ ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ከመርከቡ ጠርዝ ቆሜ ቀረሁ። ስለ ናትሱኤ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ወንድሜም ደስ ብሎኛል። ስለ ራሴ ግን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። በዚያ ልጅ አፍ ያላለውን ፍርሃት ጨምሬ፣ ስድስት ዓመት በገዛ ቤቱ መተላለፊያ ያንከራተትኩት እኔ ነኝ። ወደ ሰሜን ዞሬ ይቅርታ አድርግልኝ ልለው ስሙን ለመጥራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። ደክሞት የተኛን ሰው ማን ይቀሰቅሳል።